ካርታው ላይ ጅማ ቀልታለች፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ክረምት ገባ ሲባል ቴሌግራም ላይ ካርታ ይበዛል። የምሥራቅ አፍሪካ ካርታ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ተለቅልቆበታል። ጅማ አናት ላይ ቀይ ነገር ከታየ አለቀ። ከሥሩ «ከባድ አውሎ ነፋስ ወደ ጅማ እየገሰገሰ ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። አንዳንዱማ ይባስ ብሎ እሳተ ገሞራም ጣል ያደርግበታል። መጨረሻው ያው የታወቀው ነው፦ «ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ»።

የሚገርመው ካርታው ራሱ ብዙ ጊዜ ውሸት አለመሆኑ ነው። የሚዋሸው ጽሑፉ ነው። ካርታውን ያወጣው ኮምፒውተር የሆነ ነገር አስልቷል። የለጠፈው ሰው ግን ምን እንደተሰላ አላየም፤ ቀዩን ብቻ ነው ያየው። የአየር ሁኔታ ካርታ የሚስለው አየርን ነው። ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ መሬት የሚነካው አውሎ ነፋስ፣ የአየር ጉዳይ ስለሆነ ካርታው ስለ እሱ የሚለው አለው፤ ያውም በገደብ። እሳተ ገሞራ ግን የከርሰ ምድር ጉዳይ ነው። ካርታው ስለ እሱ ማውራት የሚጀምረው ከፈነዳ በኋላ ነው። ነገሩን ከነምክንያቱ እንየው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

ካርታ ሲደርሳችሁ ከቀለሙ በፊት ጥጉን እዩ። በትንንሽ ፊደል ቀንና ሰዓት ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ ስሌቱ የተጀመረበት፣ ሌላው ትንበያው የሚመለከተው ሰዓት። የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሲሆን ከቁጥሩ ኋላ «ዜድ» የምትል ፊደል ትከተላለች። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 12 ዜድ ለጅማ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 00 ዜድ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። 06 ዜድ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 18 ዜድ ማታ 3 ሰዓት። አንዴ ከያዙት አይረሳም።

ይቺ ብቻ ብዙ ድንጋጤ ታስቀራለች። ሼር ሲደረግ የሚውለው ካርታ ወይ ቀኑ አልፎበታል፣ ወይ የሚያወራው ስለ ዛሬ 10 ቀን ነው። የዛሬ 10 ቀን አንድ የነጎድጓድ ደመና የትኛው ከተማ ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ኮምፒውተር ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

ቀጥሎ ቀለሙ ምን እንደሚለካ ነው። ቀይ ማለት የግድ አደጋ ማለት አይደለም። የሳተላይት ምስል ከሆነ፣ ቀለሙ የሚያሳየው የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ነው። ደመናው ወደ ላይ በረዘመ ቁጥር አናቱ ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የደረሰ አናት ብዙ ጊዜ በቀይ ወይም በጥቁር ይቀባል። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ ደመና ጅማ ላይ ብርቅ ነው እንዴ? የዝናብ ካርታ ከሆነ ደግሞ የስንት ሰዓት ድምር እንደሆነ ይታይ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር፣ የ10 ቀን ድምር የሆነ ዝናብ «ዛሬ ከሰዓት የሚወርድ ነው» ተብሎ ከተወራ፣ ጎርፍ ያልነበረበት ቦታ ጎርፍ ተፈጠረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ለደጋና ለወይና ደጋ ሰዎች ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

አየር ክብደት አለው። ከላያችን ያለው አየር በሙሉ ይጫነናል። የአየር ግፊት የሚባለው ይኸው ነው። የሚለካው በሄክቶፓስካል ሲሆን ባሕር ወለል ላይ በአማካይ 1013 ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ግፊቱ 820 አካባቢ ነው።

እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያሉ አንድ ጎረቤቴ፣ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ስልካቸው ውስጥ ግፊት የሚለካ ነገር እንዳለ የደረሱበት ቀን ተናደው መጡ። «ስልኩ 822 ይላል፣ የአየር ሁኔታ አፑ 1016 ይላል። አንዱ እየሸወደኝ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው» አልኳቸው።

«እንዴት ሆኖ!»

ስልኩ የሚለካው የቆሙበትን ቦታ ግፊት ነው። አፑ ደግሞ «ጅማ ባሕር ዳርቻ ላይ ብትሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ብሎ አስልቶ ነው የሚነግራቸው። ካርታ ሠሪዎች ይህን የሚያደርጉት ጅቡቲና አዲስ አበባ አንድ ካርታ ላይ እንዲነጻጸሩ ብለው ነው። አለዚያ ከተማው ሁሉ እንደየከፍታው ግፊቱ ይለያይና፣ የአየር ሁኔታ ካርታ የተባለው የተራሮቻችን ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ካርታ የሚሠራው ለመሬቱ ገጽ ብቻም አይደለም። በየግፊቱ እርከን ነው የሚሠራው። 850 ማለት ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ፣ 700 ማለት 3,000 ሜትር ገደማ፣ 500 ማለት ከ5,500 ሜትር በላይ፣ 200 ማለት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ጅማ ከ850 እርከን በላይ ነች። በ850 ካርታ ጅማ ላይ የተሳለው ነፋስ የሚነፍሰው ከእግራችን ሥር፣ አፈር ውስጥ ነው! ኮምፒውተሩ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብሎ የሞላው ቁጥር ነው። ይህን ካርታ ይዞ «ጅማ ላይ ኃይለኛ ነፋስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ድንጋይ ነው የሚያወራው። ለእኛ የሚጠቅመን 700ው ነው።

መስመሮቹስ? የፈረንጅ ካርታ ላይ የሚታዩት ጠመዝማዛ መስመሮች እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። «ኤች» ያለበት ከፍተኛ ግፊት፣ «ኤል» ያለበት ዝቅተኛ ግፊት ነው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ነፋሱ በረታ ማለት ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነፋሱ ዝቅተኛውን ግፊት የሚዞረው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው። ሹል ጥርስ ያወጣው ሰማያዊ መስመር ቀዝቃዛ አየር እየገፋ መምጣቱን፣ ግማሽ ክብ የተደረደረበት ቀይ መስመር ሞቃት አየር መምጣቱን ያሳያል። የነፋስ ፍጥነት በምታሳየው ትንሽ ዘንግ ላይ አጭር ሰረዝ 5 ኖት፣ ረጅም ሰረዝ 10 ኖት፣ ሦስት ማዕዘን 50 ኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ሁሉ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ እጅግ ይጠቅማል። እኛ ጋ ግን ብዙም አያስኬድም። ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። በዚህ አካባቢ የግፊት ልዩነቱ ትንሽ ነው። የመሬት መሽከርከር ነፋሱን የሚጠመዝዝበት ኃይልም ደካማ ነው። ስለዚህ የእኛ ባለሙያዎች በይበልጥ የሚያዩት የነፋሱን ፍሰትና እርጥበቱን ነው። አንዳንዴም በጣም ሩቅ ነው የሚያዩት። በማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለውን የማስካሪን ከፍተኛ ግፊትና በደቡብ አትላንቲክ ያለውን የሴንት ሄለና ከፍተኛ ግፊት ይከታተላሉ። እነዚህ ሲጠነክሩ እርጥብ አየር ወደ እኛ ይገፋሉ። ጅማ በኮንጎ ደን በኩል ለሚመጣው የደቡብ ምዕራብ እርጥበት ቅርብ ስለሆነች ዝናቧ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሰሜኑ ግን የሁለት ሦስት ወር ክረምት ነው የሚጠብቀው።

ወደ ቶርኔዶው

ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የአየር አምድ ነው። እንዲፈጠር ብዙ ነገር ባንድ ላይ መገጣጠም አለበት። ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር ያስፈልጋል። ከላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር፤ ያኔ የታችኛው አየር ቀዳዳ ካገኘ ወደ ላይ ይተኮሳል። ይህን አየር የሚያስነሳና የሚገፋው ነገርም ይፈለጋል። እስከዚህ ያለውን ጅማ በደንብ ታሟላለች። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ መሬቱ ይሞቃል፣ 7 ሰዓት ላይ ደመናው መቆለል ይጀምራል፣ 9 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ይህ ተራ ነጎድጓድ ነው።

የሚጎድለን አራተኛው ነው። ነፋሱ ከታች አንድ አቅጣጫ፣ ከላይ ደግሞ በሌላ አቅጣጫና በጣም በፈጠነ ሁኔታ መንፈስ አለበት። እንዝርት በሁለት መዳፍ መሐል አጋድማችሁ ያዙና የላይኛውን እጅ ብቻ ወደፊት ግፉት፤ እንዝርቱ ይሾራል። በሁለቱ ነፋሶች መሐል ያለው አየርም እንዲሁ ተጋድሞ ይሾራል። ወደ ላይ የሚተኮሰው አየር ይህን ተጋድሞ የሚሾር አየር ሲያገኘው ቀና አድርጎ ያቆመዋል። ያኔ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል፤ ሱፐርሴል የሚባለው ይህ ነው። ኃይለኞቹ ቶርኔዶዎች የሚወጡት ከዚህ ዓይነቱ ደመና ነው። ያም ሆኖ አብዛኛው ሱፐርሴል ቶርኔዶ ሳያወጣ ይበተናል።

አሜሪካ ለዚህ የተመቸች ናት። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፣ ከምዕራብ ከተራሮቹ ላይ ደረቅ አየር ይወርዳል፣ ከላይ ፈጣን ነፋስ ያልፋል። በዓመት ከ1,000 በላይ ቶርኔዶ የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ባንግላዴሽም እንዲሁ የተጎዳች አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1989 ዳውላትፑርና ሳቱሪያ አካባቢ የወረደው ቶርኔዶ 1,300 ገደማ ሰው ገድሏል።

ካርታ አይቶ ቶርኔዶ መተንበይ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ራሱ ማብራሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1948 ኦክላሆማ የሚገኘውን ቲንከር የተባለ የአየር ኃይል ሰፈር ቶርኔዶ መታው። ማንም አልገመተም ነበር። አለቆች በሰፈሩ የነበሩትን ሁለት የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች፣ ፋውቡሽንና ሚለርን፣ «ይህ ነገር አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደሆነ አጥኑ» አሏቸው። ሰዎቹ ያለፉ ቶርኔዶዎችን ካርታ አገላብጠው የሚደጋገመውን ነገር ለቀሙ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የዕለቱን ካርታ ሲያዩ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጋር አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያ አወጡ። አውሮፕላኖች ታሰሩ፣ ሰው ወደ መጠለያ ገባ። ማታ እዚያው ሰፈር ላይ ሌላ ቶርኔዶ ወረደ!

ያልሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ መውረዱ ዕድል ነበር። ካርታው የነገራቸው «ዛሬ ሁኔታው ተመቻችቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ዛሬም ከዚያ ብዙ አልተሻለም። ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት የአሜሪካውና የአውሮፓው ኮምፒውተሮች መሬትን በካሬ ይከፋፍሏታል። የካሬው ጎን ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ነው። የአብዛኛው ቶርኔዶ ስፋት ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ካሬው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። «በካርታው ላይ ቶርኔዶ ታየ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ጠይቁት።

ቶርኔዶው ራሱ የሚታየው ራዳር ላይ ነው፤ ያውም መፈጠር ከጀመረ በኋላ። የዝናቡ ምስል ጫፉ ላይ መንጠቆ ሠርቶ ሲታጠፍ ያሳያል። ዶፕለር ራዳር ደግሞ ነፋሱ ወደ ራዳሩ መምጣቱንና መሸሹን ይለያል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከታዩ የሚሽከረከር ነገር አለ። ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ሰው በአማካይ የሚያገኘው ጊዜ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆፕሊን ከተማ ላይ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ እንኳ ከ150 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ሌላ ማረጋገጫ ሲጠብቁ ነበር።

ሼር የሚደረገው ካርታ ብዙ ጊዜ ኬፕ የሚባለው ነው። ኬፕ ወደ ላይ ሊተኮስ የተዘጋጀው አየር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይለካል፤ በጁል በኪሎ ግራም። 1,000 ካለፈ ነጎድጓድ ይጠበቃል፤ 2,500 ከፍተኛ የሚባል ነው። ሚያዝያ ላይ ጅማ በኬፕ ካርታ ብትቀላ አይግረማችሁ። ነፋሱ ከታች እስከ ላይ ካልተለዋወጠ፣ ያ ጉልበት የሚያወጣው ነጎድጓድ፣ በረዶና ዶፍ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው። ደቃቃ ቶርኔዶ ፈጽሞ አይወርድም ብዬ አልምልም፤ ኃይለኛው ግን የእኛ ሰማይ ልማድ አይደለም።

«ታዲያ ቆርቆሮዬን ያነሳው ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ከነጎድጓድ ደመና ውስጥ በዝናብና በበረዶ የቀዘቀዘ አየር ክብደት አግኝቶ ቁልቁል ይወርዳል። መሬት ሲመታ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚመጣው፣ አቧራውንና ላስቲኩን ጠራርጎ የሚያስነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ እሱ ነው። ሲበረታ ጣራ ይገነጥላል፤ ዛፍ ይጥላል። እኛ ሁሉንም አውሎ ነፋስ ብለን እናልፈዋለን። ልዩነቱን ለማወቅ ግን በማግስቱ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ግቡ። በቆሎው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተኛ፣ ወይም ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ውጪ ከተዘረጋ፣ ከላይ የወረደ ነፋስ ነው። ወዲህና ወዲያ ተጠላልፎ ጠባብ መንገድ ላይ ከወደቀ፣ የሚሽከረከር ነበር።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተማረው ጃፓናዊው ቴትሱያ ፉጂታ ነው። ቶርኔዶ በጉዳቱ መጠን ከ0 እስከ 5 የሚመደብበትን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ናጋሳኪንና ሂሮሺማን ተዘዋውሮ አይቶ ነበር፤ ቦምቡ ከላይ ወርዶ ዛፎቹን ወደ ውጪ እንዴት እንደዘረጋቸው አልረሳም። ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ማዕበል ያለፈበትን ደን ከአውሮፕላን ሲያይ ያንኑ ቅርጽ አገኘው። ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዛሬ ግን አብራሪ ሁሉ ይህን ከላይ የሚወርድ ነፋስ ሳይማር አያበርም።

በጋ ላይ ሜዳ ላይ የሚሽከረከረው አቧራ ደግሞ ሌላ ነው። ከጋለ መሬት ይነሳል፤ ደመና የለውም፤ ልብስ ከገመድ ከመውሰድ ብዙም አያልፍም። ጅማ ላይ በእውነት ሊፈራ የሚገባው መብረቅ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል፤ ቤት ግቡ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

እሳተ ገሞራውስ?

ቅልጥ አለት የሚጠራቀመው ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው አለት የሚጫነው ጫና፣ የባሕር ወለል አየር ከሚጫነው ከ250 እጥፍ በላይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ሲሆን አስቡት። ከባዱ ማዕበል እንኳ የአየር ግፊቱን የሚለውጠው በጥቂት በመቶ ነው። ታች ያለው አለት አይሰማውም። ስለዚህ ከአየር ግፊት ካርታ ተነስቶ «በዚህ ቀን ይፈነዳል» ማለት አያስኬድም። የደመና ቅርጽ አይቶ የመሬት መንቀጥቀጥ መተንበይም ያው ነው።

የሚተነብየው ሌላ ነው። ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ይበዛል። መሬቱ ያብጣል ወይም ይሰምጣል፤ ይህን የሳተላይት ራዳር ከሴንቲ ሜትር ባነሰ ልዩነት ያየዋል። ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሊፈነዳ ሲል፣ ከተራራው የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ከ500 ቶን ወደ 5,000 ቶን አድጓል። በዚህ ምልክት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀድሞ እንዲወጣ ተደረገ።

ምልክቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ፍንዳታ አይሄድም። አገራችን ለሁለቱም ምሳሌ አላት። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ያን ሁሉ ቦታ ከታች የሞላው ቅልጥ አለት ነው፤ ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት አመድና ድንጋይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጠቀጠ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተሰማው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። እንፋሎት ወጣ፤ ላቫ ግን አልወጣም።

የአየር ሁኔታ ካርታ ዋጋ የሚያገኘው ከፍንዳታው በኋላ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ዕለት አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የነፋስ ሆነ። አመዱ የደረሰበት ከፍታ ከ200 እርከን በላይ ነው። እዚያ ላይ በዚያ ወቅት ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነበር። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ገባ። ዴልሂ ላይ በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፤ ጅማ ግን ምንም አላየችም። ከተራራው በቀጥታ መስመር ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ላይ ነች፤ ያውም ነፋሱ በሄደበት ተቃራኒ። የዕለቱን የ200 ካርታ አንድ ሰው ቢከፍት ኖሮ ከዜናው በፊት መንገዱን ያየው ነበር።

ይህን ሥራ ዓለም ላይ የተከፋፈሉት 9 የእሳተ ገሞራ አመድ ማእከላት ናቸው። የእኛ አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ ቱሉዝ ላለው ነው የሚደርሰው። ማስታወቂያው ላይ «ኤፍኤል 450» የሚል ካያችሁ 45,000 ጫማ ማለት ነው። እንዲህ መጨነቁ ያለ ምክንያት አይደለም። አመዱ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው፤ ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቀልጥና ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢንዶኔዥያ ላይ የጋሉንጉንግ አመድ ውስጥ የገባ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጃምቦ አራቱም ሞተሮች ጠፉበት። እንደ ዕድል ሆኖ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ ተነሱለትና ጃካርታ አረፈ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ ራዳር ዝናብ እንጂ ደረቅ ደቃቅ አመድ አያይም። አብራሪው መንገዱን የሚያውቀው ከነፋስ ካርታው ነው።

አየርና እሳተ ገሞራ ክፉ የሚገጣጠሙበት ጊዜም አለ። ፒናቱቦ በፈነዳበት ቀን ዩንያ የተባለ ዝናብ ያዘለ አውሎ ነፋስ በዚያው ያልፍ ነበር። ዝናቡ ጣራ ላይ ያረፈውን አመድ አረጠበው፤ እርጥብ አመድ ደግሞ ይከብዳል። ብዙ ሰው የሞተው ጣራ ተደርምሶበት ነው። የፒናቱቦ ጋዝ ከላይ ተበትኖ ዓለምን በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟል። ከዚያ የበለጠ የሚነካን ግን የቆየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ተከትሎ የዓባይ ሙላት ቀነሰ፤ ግብፅ ተራበች። ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያስሉት የላኪ ጋዝ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዝቅዞ የአፍሪካን ክረምት ዝናብ እንዳዳከመው ደረሱበት። ዓባይን የሚሞላው ደግሞ የእኛው የክረምት ዝናብ ነው።

ጅማ ራሷ እሳተ ገሞራ የሠራት ምድር ናት። ከሥራችን ያለው አለት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው፤ ቡናው የሚበቅልበት ቀይ አፈር ከዚያ ፈርሶ የመጣ ነው። ዛሬ የሚነደው ግን በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ነው። ስለ መሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ መጠየቅ የሚያስፈልገው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። የአየሩን ደግሞ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን።

እኔን ብትጠይቁኝ የጅማ ሰው ካርታ ማንበብ መቻል ያለበት ለቶርኔዶ አይደለም፤ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ነው። እሸት ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያለወቅቱ የሚመጣ አንድ ዝናብ ሻጋታ ያመጣል፤ ዋጋውን ያወርዳል። ዊንዲ የሚባለውን አፕ ክፈቱ። የሚቀጥሉትን ሦስት ቀናት ብቻ እዩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተዉት። በየቀኑ 12 ዜድ ላይ ቁሙ። የ700ውን እርጥበትና ነፋስ ተመልከቱ፤ ነፋሱ ከደቡብ ወይም ከደቡብ ምዕራብ ዞሮ እርጥበቱ ከፍ ካለ ጠርጥሩ። ከዚያ የአውሮፓውን ስሌት ዝናብ፣ ቀጥሎ የአሜሪካውን እዩ። አንዱ ዝናብ ብሎ ሌላው ደረቅ ካለ፣ ማታ አዲሱ ስሌት ሲወጣ ድጋሚ እዩት። ሁለቱም ዝናብ ካሉ ግን 9 ሰዓትን አትጠብቁ፤ ከምሳ በፊት ቡናውን ሰብስቡና ሸራውን አልብሱት።